ከላይም ከታችም እሳት፦ የላቪንግተን ጓዳና የድፎ ዳቦ ታሪክ

ባለፈው የፋሲካ ማግስት በሠፈራችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስለ ራሽን ካርድ ወይም ስለ ውኃ ወረፋ ቢሆን ኖሮ ወደዚህች ገጽ ባላመጣሁት፤ ያንን ሁላችንም ጠግበነዋል። የተነሣው ግን ስለ ዳቦ ነው። ዳቦ የሚጋግሩልን እትዬ ለበዓሉ የሠሩትን ድፎ ቆርሰው ሲያድሉ፣ አንድ የጎንደር ሰው የሆኑ ሽማግሌ ድርሻቸውን አገላብጠው አዩና፣

«ዳቦነቱስ ዳቦ ነው፤ ድፎ ግን አይደለም። ድፎ በምጣድ ነው፣ በኮባ ነው» አሉ።

እትዬም ቆጣ ብለው፣ «ጋሼ፣ እኔ ይኸን ዳቦ ላቪንግተን ስጋግር ነው የኖርኩት። ያኔ ድፎ አይደለም ያለኝ ሰው የለም» ሲሉ መለሱ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በቡና ቢበርድም ሁለቱም አልተረቱም። ይህ ጸሐፊ ደግሞ የተጀመረ ክርክር ሳይቋጭ ሲቀር እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነውና፣ እትዬን ጠይቆ፣ ካነበበውም አክሎ፣ የሚከተለውን ለአንባቢ ያቀርባል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችን ናይሮቢን የምናውቃት በኢስሊ በኩል ነው። ላቪንግተን ግን በተቃራኒው፣ በምዕራብ፣ ከኪሊማኒ አለፍ ብሎ የሚገኝ ቀዝቀዝ ያለ ሠፈር ሲሆን፣ አጥሩ ረጅም፣ ዛፉ ብዙ፣ የበሩ ዘበኛ ደግሞ ከቤቱ ባለቤት ይልቅ የሚታወቅ ነው። ከአጠገቡ ካዋንግዋሬ የሚባለው የድኻ ሠፈር አለ። ጠዋት ጠዋት ከካዋንግዋሬ ወደ ላቪንግተን በእግሩ የሚጎርፈው ሰው ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢ፣ አትክልተኛ ነው፤ ማታ ይመለሳል። የዚህን ሠፈር የጓዳ ታሪክ የሚያውቀው ይኸው ሰው ነው።

ላቪንግተን መንደር ከመሆኑ በፊት የቡና እርሻ ነበር። የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር የተባሉት የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን በ1899 ዓ.ም.፣ ማለትም የባቡር ሐዲዱ ናይሮቢ በደረሰበት ዓመት፣ በዚያ ስፍራ የቅዱስ ኦስቲንን ሚሲዮን መሥርተው ቡና ተከሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም በጄምስ ጊቹሩ መንገድ አጠገብ ቆሟል። ዘሩ ቡርቦን የሚባለው ሲሆን፣ ስሙ የመጣው በሕንድ ውቅያኖስ ካለችው፣ ዛሬ ሬዩኒዮን ከምትባለው ደሴት የጥንት ስም ነው። ወደ ደሴቲቱ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የገባው ከየመን ነበር። ወደ የመን ከየት እንደ ተሻገረ ደግሞ ለዚህች ገጽ አንባቢ መንገር ለአባት ምጥ እንደ ማስተማር ነው። እንግዲህ የእኛ ጫካ ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ውቅያኖስ ዞሮ፣ በመነኮሳት እጅ ላቪንግተን ገብቷል ማለት ነው። ወረቀት የጠየቀው አልነበረም።

በቅኝ ግዛቱ ዘመን ናይሮቢ በቆዳ ቀለም የተከፋፈለች ከተማ ነበረች። ከፍታውና ነፋሻው የምዕራብና የሰሜን ወገን ለነጮች፣ ፓርክላንድስና ንጋራን የመሰለው ለሕንዶች፣ የምሥራቁ ሜዳ ለአፍሪካውያን። አፍሪካዊ በላቪንግተን ዓይነት ሠፈር ሊያድር የሚችለው አሽከር ሆኖ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ብቻ ነበር። አዋቂ ወንድ ሁሉ ከ1920 አካባቢ ጀምሮ ኪፓንዴ የሚባለውን የጣት አሻራ ያለበትን ወረቀት በቆርቆሮ ማኅደር አድርጎ ባንገቱ እንዲያንጠለጥል ይገደድ ነበር። መታወቂያ ጠፍቶበት ናይሮቢ ላይ የተያዘ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይል ይሆናል።

በዚያች የጀርባ ክፍል የሚያድረው ምፒሺ፣ ማለትም ወጥ ቤቱ፣ የእንግሊዝን ዳቦ የሚጋግር ኪኩዩ ወይም ካምባ ነበር። የናይሮቢ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር በ1920ዎቹ መጨረሻ ለሰፋሪዎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ እመቤቲቱ ወጥ ቤቱን የምታዝበት ስዋሂሊም ተጨምሮበታል። አብሳዩ ራሱ ግን መጽሐፉን የሚያነብ አልነበረም፤ በቃሉ ነው የሚይዘው። ካረን ብሊክሰን የተባለችው የዴንማርክ ደራሲ በንጎንግ ተራሮች ግርጌ ስለ ነበራት የቡና እርሻ በ1937 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ካማንቴ የተባለው ወጥ ቤቷ የሾርባና የስልስ ዓይነቶችን በተማረበት ቀን በሆነው ነገር ይሰይማቸው እንደ ነበር ታወሳለች፤ አንዱን መብረቅ ዛፍ በመታበት ቀን ስሙን አገኘ። በበኩሌ ከመጽሐፉ ሁሉ በልቤ የቀረው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን የሚያደርሰን ነገር ይመጣል፤ ይኸውም ምድጃው ነው። በመጀመሪያው ዘመን በብዙ ሰፋሪ ቤት የብረት ምድጃ አልነበረም። ደቤ የሚባለውን ባለ አራት ጋሎን የላምባ ቆርቆሮ ጎኑን ከፍተው፣ ሊጡን ከውስጥ አስገብተው፣ ፍም ከሥሩም ከላዩም ያደርጉበት ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህ አሠራር ምን ይመስልሃል?

እናቶቻችን ድፎ ሲጋግሩ በምጣዱ ላይ ኮባ ያነጥፋሉ፤ ያደረውን ሊጥ ገልብጠው እንደገና በኮባ ይሸፍኑታል፤ በላዩ ሌላ ምጣድ ደፍተው ፍም ይከምሩበታል። ከታችም ይነዳል። ቆርቆሮውና ሸክላው ሳይተዋወቁ፣ አንዱ በናይሮቢ አንዱ በጎንደር፣ አንድ ዘዴ ላይ ደርሰዋል።

ስለ ስንዴው ባጭሩ ልለፍ። ሎርድ ዴላሜር የተባለው እንግሊዛዊ ባለርስት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በንጆሮ በሰፊው ስንዴ ቢዘራ ዋግ ጨረሰበት፤ የሚቋቋም ዘር እስኪገኝ ብዙ ገንዘብ አጠፋ። በ1908 ደግሞ ኡንጋ የሚባለው የዱቄት ኩባንያ በእርሱ አማካይነት ተቋቋመ። ቻፓቲው የመጣው ከሕንዶች ጋር ነው፤ ለባቡሩ ሥራ ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ሕንዳውያን ሠራተኞች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው ነበር። ስለዚህ እትዬ ላቪንግተን ሲገቡ ያገኙት ጓዳ እንግሊዙም፣ ሕንዱም፣ ኪኩዩውም አሻራቸውን የተዉበት ነበር።

የእኛም ጓዳ ቢሆን እንግዳ ሳይገባበት የኖረ አይደለም። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ተክል ነው፤ አሁን ያለ እርሱ ወጥ አለ የሚል የለም። የከተማው ሰው በየቀኑ የሚገዛው ፉርኖም ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ምድጃን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት ዜና መዋዕል፣ በ1887 የእንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ግብር ምን ያህል እንደ ነበረ እናነባለን። በዜና መዋዕል ግን ዘወትር የሚዘረዘረው የመኳንንት ስም ነው፤ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ እንጀራውንና ዳቦውን ስትጋግር ጢስ ዓይኗን ያጠፋት ሴት ስሟ ማን ነበር?

ሐበሻ ኬንያ የገባው በእኛ ዘመን ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይታረም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በ1937 ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን በሰሜን በኩል ተሻግረው በኢሲዮሎ ካምፕ ሠፍረዋል፤ ኋላም ወደ ታቬታ ተዛውረዋል። ከእነርሱም መካከል ተመልምለው፣ በሱዳን በኩል ዞረው ጎጃም በመግባት አገራቸውን ነጻ ለማውጣት የተዋጉ ነበሩ። ሁለተኛው ጎርፍ ደርግ በወደቀ በ1991 መጣ። ሞያሌን የተሻገረው ሕዝብ ዋልዳ በሚባል ካምፕ ተሰበሰበ፤ ዋልዳም ሲዘጋ ብዙዎቻችን በ1992 ወደ ተከፈተው ወደዚህ ወደ ካኩማ ተጫንን። እትዬ ግን ከዋልዳ ወደዚህ አልመጡም። በኢሲዮሎ አድርገው፣ በከብት መኪና ላይ ተሸፋፍነው፣ ናይሮቢ ገቡ። የ1937ቱ ስደተኞች የሠፈሩበትን ከተማ ማለፋቸውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ «ታዲያ አንድ እንኳ ሐበሻ አጥቼ በረሃብ ያለፍኩት ለምንድን ነው?» አሉኝ።

በላቪንግተን ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ ለቤት ሥራ ገቡ። የተሰጣቸው ክፍል ያችው የጀርባዋ ክፍል ናት። መጀመሪያ ቀን የቀረበላቸው ኡጋሊ ነበር። ገንፎ መሰላቸውና መካከሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ እስኪገባበት በትዕግሥት ጠበቁ። አብራቸው የምትሠራው የሉህያ ሴት ለምን እንደማይበሉ ግራ ገብቷት በእጇ ቆርሳ፣ በሱኩማ ዊኪ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። «ጉርሻ ያውቃሉ ማለት ነው ብዬ ልቤ ረጋ» ይላሉ እትዬ። ሱኩማ ዊኪ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት እንደ ሆነ ሲነገራቸውም የእኛ ጎመን ዘመድ መሆኑን አልተጠራጠሩም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጻ ስለ ነበሩ ወደ ካዋንግዋሬ ወርደው በየኪባንዳው መቅመስ ልማዳቸው ሆነ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ጭምር፣ ያወጣቸው ጊዘሪ ነው፤ በቆሎና ባቄላ የተቀቀለው። ቻፓቲ በንዴንጉ ሲበሉ ግን እንባቸው መጣ፤ በእጅ የሚቆረስ ነገር፣ ከሥሩ ክክ የመሰለ ወጥ። ማንዳዚን ግን እስከ ዛሬ አይወዱትም። «ስኳር ያበዙበት፣ ወጉን ያልጨረሰ ፓስቲ» ነው የሚሉት፤ እኔ አልስማማም፤ ከሻይ ጋር የሚያህለው የለም።

ድፎ የጀመሩት በመጀመሪያው የገና በዓላቸው ነው። የእመቤቲቱን የኤሌክትሪክ ምድጃ መንካት አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ ሁለት ኪሎ የስንዴ ዱቄት ገዙ፤ ድንብላሉን «ዳንያ» ብለው ከሕንድ ሱቅ፣ ጥቁር አዝሙዱን ከኢስሊ አገኙ። እርሾውን ራሳቸው ጣሉ። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ሌሊቱ ይበርዳልና ሊጡን በጋቢያቸው ጠቅልለው አብረውት አደሩ። ከአትክልቱ ጥግ የሙዝ ቅጠል ቆርጠው በእሳት አለሳለሱና ሱፉሪያ ውስጥ አነጠፉ፤ በጂኮ ላይ ጥደው ክዳኑን ገለበጡና በላዩ ፍም አደረጉ። ያን ጊዜ ሽማግሌው አትክልተኛ ብቅ ብሎ አየና፣ «አባቴ ለነጮቹ በደቤ የሚጋግረው እንዲህ ነበር» አላቸው። እትዬ ነገሩን እንደ ቀልድ ነው የነገሩኝ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ግን ከዚያ አትክልተኛ አፍ የወጣ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሽታው ዋናው ቤት ደረሰ። እመቤቲቱ ቀምሳ ለእንግዶቿ እንዲጋገር አዘዘች፤ ምድጃውም ከዚያ ቀን ወዲያ ተፈቀደ። እትዬ ግን «መብራቱ ከላይ አያቃጥልም» እያሉ ወደ ጂኳቸው ይመለሱ ነበር። ወሬው ወደ ሐበሾች ደረሰና ለክርስትና፣ ለማኅበር፣ ለተዝካር ትእዛዝ በዛ። ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡ አገር ለቆ ሄደ። ተተኪዎቹ ተከራዮች ወረቀት የሌላትን ሠራተኛ አንፈልግም አሉ። እትዬ አንድ ሱፉሪያ፣ አንድ የእርሾ ማሰሮ ይዘው ወደ ካኩማ መጡ።

እዚህ የገጠማቸው ችግር ሌላ ነው። ቀኑ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት ምድር ሊጥ እንደ ናይሮቢ ሌሊቱን አይጠብቅም፤ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ አብኩተው ከተኙ እኩለ ሌሊት ላይ ገንፍሎ ይጠብቃቸዋል፣ ጠዋት ኮምጣጤ ነው። ሦስት ድፎ ለፍየል ከሰጡ በኋላ እርሾውን በግማሽ ቀነሱ፤ ሊጡን ዶሮ ሲጮህ አብኩተው ሳይረፍድ መጋገር ጀመሩ። ከሰሉን ከቱርካና ሴቶች ይገዛሉ። ቅጠሉ ግን ከየት ይምጣ? የሙዝ መኪና ከኪታሌ ሲመጣ አንዳንዴ ዘለላው በቅጠል ተሸፍኖ ይመጣል። በመጣ ቀን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እትዬ ከሾፌሩ ጋር ሲከራከሩ ይሰማልና።

ወደ ጎንደሩ ጋሼ እንመለስ። በምጣዱ ነገር አክብሮቴን ሳላጓድል አልስማማም፤ ድፎን ድፎ የሚያደርገው መደፋቱና ከላይ ከታች እሳት መቀበሉ ነው፤ በብረትም በሸክላም ያው ነው። በቅጠሉ በኩልም ቢሆን ኮባና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ፈረንጆች እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» እስከ ማለት ደርሰዋል። ጋሼ አንድ እውነት አላቸው፤ ሽታው አንድ አይደለም። የኮባ ሽታ ያለበትን ድፎ ልጅ ሆኖ የበላ ሰው አፍንጫው ይጠይቃል፤ ለዚህ መልስ የለኝም፤ እትዬም የላቸውም። ይኸን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «የእናቴ ድፎ ከሥሩ ትንሽ ያርር ነበር» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ለመስከረም አውዳመት የሙዝ መኪና ባዶውን ነው የመጣው። እትዬ የዱቄት ከረጢቱን ወረቀት ቀደው፣ ዘይት ቀብተው አነጠፉ። ጋሼ ከሁሉ ቀድመው መጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወረቀቱን አይተው ምንም አላሉም፤ «ከታች እሳቱን ጨምሪበት» ብቻ አሉ።