የቋሚ እግር፦ ከላሊበላ ማሕሌት እስከ ቀዶ ሕክምና አልጋ

በገና ሌሊት ላሊበላ ላይ የሚቀመጥ ካህን አይገኝም። ማሕሌቱ በቁም ያድራል፣ ቅዳሴው ይከተላል። ሲነጋ ደግሞ ካህናቱ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዐለት አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ድካሙን የሚያቀልላቸው መቋሚያው ነው። ብብት ሥር ይገባል፣ አንዳንዴም አገጭ ይደገፍበታል፤ አንዱ እግር ሲዝል ክብደቱ ወደ ሌላው ይዞራል። መቆም በዚህ አገር ትልቅ ጸሎት ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድልም ጻድቁ ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው እስኪቆረጥ በጸሎት እንደተጉ ይተርካል። ከመቋሚያው በታች ስላለው የካህኑ እግር ግን እምብዛም አይወራም።

ልብ የላከው ደም በደም ቅዳ ወደ እግር ይወርዳል፤ በደም መልስ ሲመለስ ግን ሽቅብ መውጣት አለበት። ገፍቶ የሚያወጣው ባት ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይልካል፣ በደም መልሱ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክዳኖች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። ሰው ለብዙ ሰዓት ቀጥ ብሎ ሲቆም ባቱ ሥራ ይፈታል፣ ደሙም እግር ላይ ይጠራቀማል። ክዳኖቹ ከላሉ ደም መልሱ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ከቆዳ ሥር ተገትሮ ይታያል። ሐኪሞች ቫሪኮስ የሚሉት ይህን ነው። ዘር፣ ዕድሜ፣ እርግዝናና ውፍረትም ያመጡታል፣ ያባብሱታልም።

ላሊበላ ያለችበት የላስታ መልክዐ ምድር በዚህ ረገድ ለእግር ይበጃል። ከከተማዋ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚያወጣው አቀበት ባትን ሥራ አያስፈታም፤ በማሕሌቱ መካከል ያለው ዝማሜና ሽብሸባም ቢሆን ከድርቅ ያለ መቆም ይሻላል።

እግሩ ያበጠ ሰው ድሮ የሚሄድባቸው በሮች የታወቁ ነበሩ። ፀበል ይጠመቃል፣ እምነት ይቀባል። ወጌሻ ያሸዋል፤ ሕመሙ ከበረታ በጋለ ብረት ይተኮሳል። ዋግምትም አለ፦ ቆዳው በምላጭ ይበጣል፣ ጫፉ የተበሳ ቀንድ ይደፋበታል፣ አጋሚው አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል፤ ደሙ ቀንዱ ውስጥ ይወርዳል። ወጌሻ አጥንት በመጠገን የተመሰከረለት ባለሙያ ነው፤ ለቫሪኮስ ግን ደም ማስወጣት መፍትሔ አይሆንም። የወጣው ደም በሌላ ይተካል፣ የላላው ክዳን ግን እንደላላ ይቀራል።

የቀረው ዓለምም ቢሆን ብዙ ዘመን ከዚህ የተሻለ አላወቀም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የግብፅ የሕክምና ጥቅልል፣ የኤበርስ ፓፒረስ፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ የእግር ደም ሥር በምላጭ እንዳይነካ ያስጠነቅቃል። የሮማው ጦር መሪ ማሪየስ ሳይታሰር የአንድ እግሩን ሥሮች አስቀድዶ ካስወጣ በኋላ፣ ፈውሱ ሕመሙን አያክልም ብሎ ሁለተኛውን እንደከለከለ ፕሉታርክ ጽፏል።

ነገሩን የለወጠው ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪኽ ትሬንደለንቡርግ ነው። በሽተኛውን አስተኝቶ እግሩን ሽቅብ ያነሣል፤ ደም መልሱ ባዶ ሲሆን ከብሽሽት ዝቅ ብሎ ጭኑን ያስርና ያቆመዋል። ማሰሪያው ሲፈታ ሥሩ ከላይ ወደ ታች በአንዴ ከሞላ፣ ክዳኑ እንደማይሠራ ተረጋገጠ ማለት ነው። ለዚህ ምርመራ አልጋና ማሰሪያ ብቻ ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መባቻ ትልቁን የእግር ደም መልስ ከላይ በኩል ማሰርን አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1907 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ባብኮክ መሣሪያ በሥሩ ውስጥ አሳልፎ ነቅሎ የማውጣትን ዘዴ አቀረበ። በዘመናችን ደግሞ ብዙ ቦታ ሥሩ መነቀሉ ቀርቶ በሌዘር ጨረር ወይም በሙቀት ከውስጥ ይዘጋል።

በኢትዮጵያ የዘመናዊው ቀዶ ሕክምና ታሪክ አንዱ ክር ከወሎ ይነሣል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር ያገኘው የጎንደር ሕፃን ወደ ህንድ ተወሰደ፤ ላሆር በሕክምና ተመርቆ በበርማ ሠራ። ከዓድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ዘመዶቹ በገላው ጠባሳ ለዩት፤ እኒህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ከእሳቸው ቀደም ብሎ በ1888 ዓ.ም. ክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የዓድዋ ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተከተለው በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ይህ ሁሉ ግን የዋና ከተማ ታሪክ ነው፤ ላስታ ከዚያ በእግርና በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር።

ቀዶ ሕክምናን ወደ ገጠር ያቀረበው ትልቁ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሥልጠና ነው። ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በሦስት ዓመት ትምህርት ለምጥ፣ ለትርፍ አንጀትና ለአደጋ ቁስለኛ እንዲደርሱ ሆነ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ምጥ የያዛት እናት አትጠብቅም። ቫሪኮስ ግን በአንድ ሌሊት ስለማይገድል ሁልጊዜ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ሲቆይ ደግሞ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ ለወራት የማይድን ቁስል ይከፈታል። ያኔ ገበሬው ከማረሻው፣ ዲያቆኑ ከመቅደሱ ይቀራል።

እግሩ ላይ እንዲህ ያለ የተገተረ ሥር ወይም የማይድን ቁስል ያለበት ሰው ሳያስበጣና ሳያስተኩስ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ቀዶ ሐኪም እንዲያየውም ሪፈር ይጠይቅ። እስከዚያው ይራመድ፤ ሲያርፍ እግሩን ከልቡ ከፍ አድርጎ ይተኛ። ጠበቅ ያለ ካልሲ ወይም ፋሻ የሚታሰረው የደም ቅዳው ፍሰት ደህና መሆኑን ባለሙያ ካየ በኋላ ነው። ሥሩ ፈንድቶ ከደማ ጋደም ብሎ እግሩን ወደ ላይ ማንሣትና በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።