አንዲት ቃል ለመጨመር 12 ዓመት

አይ3 በሊኑክስ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የተከፈቱ መስኮቶችን የሚደረድር ፕሮግራም ነው። ሚካኤል ስታፐልበርግ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀምረው የቁልፉም የቀለሙም ምርጫ የሚጻፈው በአንድ ፋይል ነበር።

ፋይሉ ሲረዝም ጣጣው መጣ። የቤትና የቢሮ ኮምፒውተር ያለው ሰው አንዱን ሲያርም ሌላውን ይረሳል። ስለዚህ ፋይሉን ከፋፍለው ጽፈው፣ በ«ካት» ትእዛዝ መልሰው እየገጣጠሙ የኖሩ ነበሩ።

በ2021 የወጣው 4.20 እትም «ኢንክሉድ» የምትል ቃል አመጣ፤ ዋናው ፋይል ሌሎቹን ጠርቶ ያነባል። የጋራው ከግሉ ተለየ፣ ስህተትም የት እንዳለ በቀላሉ ይገኛል።

ልብ በሉ፦ ተጠቃሚው መፍትሔውን ቀድሞ ይዞት ነበር፤ የዘገየው ፕሮግራሙ ነው። ሕግ አውጪም ሆነ ፕሮግራም ሠሪ፣ ሰው በራሱ ጥገና ሲኖር ካየ መጀመሪያ የገዛ ሥራውን ይመርምር።