እንዶድ፤ ከልብስ አጣቢዎች ወንዝ እስከ ቤተ ሙከራ

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሥፍራዎች፣ በአጥር ጥግና በጫካ ዳር፣ ማንም ሳይተክለው የሚበቅልና ሌላውን ዛፍ ተደግፎ የሚንጠላጠል አንድ የዱር ተክል አለ። በአማርኛ እንዶድ፣ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይባላል። ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ግንድ የሚበቅሉ በመሆናቸው፣ ፍሬ የምታፈራው ሴቴዪቱ ብቻ ናት። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሌሪቲዬ በ1791 ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእንዶድ ታሪክ ግን በዚህ ስም አይጀምርም። የሚጀምረው ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ካልሰፈረ ሰዎች ዘንድ፣ ይኸውም ከልብስ አጣቢዎችና ከመድኃኒት አዋቂዎች እጅ ነው።

የፋብሪካ ሳሙና በየገበያው ከመዳረሱ በፊት ሸማና ኩታ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ሳይበስል ይለቀማል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ከዚያም በውኃ ሲታሽ ነጭ አረፋ ያወጣል። ይኸው ተክል በባህል ሕክምናም ሰፊ ሥፍራ ነበረው። ሥሩ፣ ቅጠሉና ፍሬው ለኮሶ ትል፣ ለወፍ በሽታ፣ ለጨብጥ፣ ለቆዳ ሕመምና ለውሻ በሽታ ሲሰጥ ኖሯል። በሰውና በከብት ላይ የተጣበቀ አልቅትንም ለማስለቀቅ አገልግሏል። ፅንስ ለማስወረድ የጠጡት ሴቶችም ነበሩ፤ በዚህም ብዙ ጉዳት ደርሷል። መጠኑ ሲያልፍ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፣ እስከ ሞትም ያደርሳል። ስለዚህ እንዶድ በሕዝባችን ዘንድ የታወቀው መድኃኒትም መርዝም ሆኖ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር የሚያውቀው አዘጋጁ ብቻ ነበር።

ይህ ዕውቀት ከሳይንስ ጋር የተገናኘው በ1964 በአድዋ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዚያ የተገኙት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። የዚህ በሽታ ትል እንቁላል ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ ዕጩ ትሉም በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ በውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መሸጋገሪያ ድልድይ ተሰበረ ማለት ነው። አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መኖራቸውን አስተዋሉ፤ ከዚያ ከፍ ባለው የወንዙ ክፍል ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከላይ ሕያዋኑን ሰብስበው በዕቃ ካኖሩ በኋላ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ለእኛ ለባለሙያዎች ልብ ሊባል የሚገባው፣ የዚህ ግኝት የመጀመሪያ ዘገባ በ1965 የታተመው በውጭ አገር መጽሔት ሳይሆን በራሳችን የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት መሆኑ ነው። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በመሥራቹ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ከ1969 ጀምሮ በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ጥናት በየወንዙ እንዶድ ሲጨመር፣ ከሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ማለቱ ተመዘገበ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የተክሉን ልዩ ልዩ ዓይነቶች ከየቦታው አሰባስበው በማወዳደር፣ ቀንድ አውጣን በመግደል ኃይሉ ብልጫ ያለውንና «44ኛው ዓይነት» በመባል የታወቀውን መረጡ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

በቤተ ሙከራ የተደረሰበት አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ቀንድ አውጣን የሚገድሉት ሳፖኒን የሚባሉ አረፋ አውጪ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ለአክሊሉ መታሰቢያ «ለማቶክሲን» ተባለ። በ1980ዎቹ የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የደረቀው ፍሬ በሜታኖል ሲጠመቅ የሚገኘው በአብዛኛው ቀንድ አውጣን የማይገድለው የሳፖኒን ዓይነት ነው። ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጥና ገዳይ ወደ ሆነው ዓይነት ይለውጠዋል። ወቅጦ በውኃ ማሸት ደግሞ አጣቢዎቹ ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። ከእነርሱ የተገኘው ዕውቀት የተክሉ ማንነት ብቻ አልነበረም፤ አዘገጃጀቱም ራሱ ዕውቀት ነበር።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና አልሆነም። እንዶድ በሕዝብ መጠጥና መገልገያ ውኃ ውስጥ ይጨመር ዘንድ ዓለም አቀፍ መመዘኛን ያሟላ የመርዛማነት ጥናት ተጠየቀ። ጥያቄው ከጥንቃቄ አንጻር ትክክል ነበር። ችግሩ፣ እንዲህ ያለው ጥናት የሚጠይቀው ወጪና ዕውቅና ያለው ቤተ ሙከራ ድሃ በሆኑትና በበሽታው በሚሰቃዩት አገሮች አለመገኘቱ ነበር። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በምባባኔ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ተደረጉ። የተሟላው የደኅንነት ግምገማ የታተመው በ1991፣ ከአድዋው ምልከታ 27 ዓመት በኋላ ነው። በዚያም እንዶድ በዘር ላይ ለውጥ የሚያስከትል ሆኖ እንዳልተገኘ፣ ነገር ግን ዓይንን እንደሚያቃጥልና ዓሣን እንደሚገድል ተገለጸ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ወጥቶ ትሉን በሰው ገላ ውስጥ መግደል ስለቻለ፣ የዓለም ትኩረት ከወንዙ ወደ እንክብሉ ዞረ። እንክብሉ ሕመምተኛውን ይፈውሳል፤ ነገ ወደዚያው ወንዝ ሲወርድ ዳግም ከመያዝ ግን አያድነውም። በ2012 የዓለም የጤና ጉባኤ ቢልሃርዝያን ስለ ማጥፋት ባሳለፈው ውሳኔ የቀንድ አውጣ ቁጥጥር እንደገና የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል ታወቀ፤ ለዚሁ አገልግሎትም በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተመዘገበ። በዚያ መዝገብ የአጥኚዎች ስም አለ፤ ተክሉን ለዘመናት ሲወቅጡና ሲያሹ የኖሩት ሴቶች ግን በሕግ ፊት የሚታወቁበት መንገድ አልነበረም። ሕጉ የሚያውቀው የተጻፈውንና የተመዘገበውን ነውና።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ የባህል መድኃኒትን ስንመዘግብ «እገሌ የተባለው ቅጠል ለእገሌ በሽታ» ብለን ማለፍ እንደማይበቃ ነው። በየትኛው ወር እንደ ተለቀመ፣ ጥሬ ወይስ ደረቅ እንደ ነበረ፣ በምን እንደ ተዋሐደ፣ በምን ስፍር እንደ ተሰጠ፣ ማን ሊወስደው እንደማይገባ ካልተጻፈ፣ የጻፍነው ስሙን እንጂ ዕውቀቱን አይደለም። በእንዶድ ፈንታ ሜታኖል የነካው ፍሬ ብቻ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ «ይህ ተክል ኃይል የለውም» ተብሎ በተዘጋ ነበር። ሁለተኛው፣ ፈዋሽነቱን ያወቀው ሕዝብ ጎጂነቱንም ያውቅ እንደ ነበር ነው። በማስወረድ የደረሰው ሞት ከአረፋው ንጣት እኩል ሊጻፍ ይገባዋል፤ ጎጂነቱን የሚሰውር መዝገብ ለሕመምተኛ አይጠቅምም።

አዋቂዎቹ እያረጁ ነው። የፋብሪካ ሳሙና እንዶድን ከወንዝ ዳር አስወጥቶታል፤ አወቃቀጡንና አስተሻሸቱን የምታውቀው እናት ስታልፍ ከእርሷ ጋር የሚቀበር ነገር አለ። በየወረዳው የተሰማራን የሙያ ባልደረቦች ከሕመምተኞቻችን አፍ የምንሰማውን ይህን ዕውቀት ከነስፍሩና ከነአደጋው፣ ከነተናጋሪው ፈቃድና ስም ጭምር እየመዘገብን ብናኖር፣ ወደፊት በቤተ ሙከራም ሆነ በሕግ ፊት ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚመሰክር ሰነድ ይኖረናል።