የትልም ቅድመ ምዝገባ፦ ትልመ ጥናት ጠንካራ የሚሆነው መቼ ነው?

በአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም ድጋፍ በልብና በደም ሥር ሕመሞች ላይ የተካሄዱ 55 ትልልቅ የመድኃኒትና የምግብ ማሟያ ሙከራዎችን ሮበርት ካፕላንና ቬሮኒካ ኢርቪን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰብስበው መረመሩ፤ የደረሱበትንም በ2015 አሳተሙ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2000 በፊት ከታተሙት 30 ሙከራዎች 17ቱ፣ ማለትም 57 ከመቶው፣ የተሞከረው ሕክምና ጠቃሚ ሆኖ መገኘቱን ዘግበዋል። ከዚያ ወዲህ ከታተሙት 25 ሙከራዎች ግን ይህን ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 8 ከመቶ መሆኑ ነው። በሁለቱ ዘመናት መካከል ጎልቶ የሚታየው ለውጥ፣ ተመራማሪዎቹ የሚለኩትን ዋና ውጤት ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ በተባለው፣ በ2000 በተከፈተው ይፋዊ መዝገብ ላይ ማስፈር መጀመራቸው ነው። ንጽጽሩ በቀድሞና በኋለኛ ሙከራዎች መካከል የተደረገ ስለሆነ ልዩነቱን በሙሉ ምዝገባው አመጣው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም አጥኚዎቹ የመድኃኒት ኩባንያዎች ድጋፍን የመሳሰሉ ሌሎች ምክንያቶችን ፈትሸው ለልዩነቱ በቂ ማብራሪያ ሆነው አላገኟቸውም።

ይህ አሠራር በዓለም የምርምር ቋንቋ ፕሪሬጂስትሬሽን ይባላል። አጥኚው የጥናቱን ጥያቄ፣ መላምቱን፣ የናሙናውን መጠን፣ የሚለካውን ነገርና መረጃውን የሚተነትንበትን መንገድ አንድም መረጃ ሳይሰበስብ፣ ወይም የተሰበሰበውን ሳያይ፣ ቀን በሚመዘግብና በኋላ ሊነካ በማይችል መዝገብ ላይ ማስቀመጡ ነው። በአማርኛ «ቅድመ ምዝገባ» ብቻ ብንለው ተማሪው ቀድሞ የሚያስበው የሴሚስተር ኮርስ ምዝገባን ነው። «የቅድመ ጥናት ምዝገባ» ብንለው ደግሞ ከዋናው ጥናት በፊት ከሚደረገው የሙከራ ጥናት ጋር ይምታታል። ስለዚህ «የትልም ቅድመ ምዝገባ» የሚለውን አቀርባለሁ። ትልመ ጥናት ፕሮፖዛል ለምንለው ሰነድ በአማርኛ የጥናት ጽሑፎች ውስጥ የታወቀ ቃል ነው፤ የሚመዘገበውም ይኸው ትልም እንጂ ተማሪው ወይም ርዕሱ አይደለም። «ቅድመ» የሚለው መቅረት የለበትም፤ የአሠራሩ ፋይዳ ሁሉ ያለው ምዝገባው ከመረጃው በመቅደሙ ላይ ነውና።

ቃሉን ማስተዋወቅ የፈለግሁት ስለ ትልመ ጥናት አጻጻፍ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በክፍሎቹ ዝርዝር ላይ ስለሚቆም ነው። የጥናቱ ዳራ፣ የጥናቱ አነሳሽ ምክንያት፣ ዓላማ፣ ጠቀሜታ፣ ወሰን፣ ክለሳ ድርሳን፣ ዘዴ፣ የጊዜ ሰሌዳና በጀት ተሟልተው ከተገኙ ሰነዱ ተሟላ ይባላል። እነዚህ ክፍሎች ያስፈልጋሉ፤ ግን ሁሉንም አሟልቶ ምንም ቃል ያልገባ ትልም መጻፍ ይቻላል። የትልመ ጥናት ጥንካሬ የሚለካው አጥኚውን ምን ያህል አስቀድሞ እንደሚያስር ነው እላለሁ። ትልሙ ዛሬ እንዳለ ቢመዘገብ፣ ከዓመት በኋላ የመጣው ውጤት መላምቱን ደገፈው ወይስ ጣለው የሚለውን አጥኚውን የማያውቅ ሰው ሰነዱን ብቻ ይዞ መፍረድ ይችላል? ከቻለ ትልሙ ጠንካራ ነው። ካልቻለ የክለሳ ድርሳኑ ርዝመት አያድነውም።

ነፃነቱ ለአጥኚው ቢተው ምን ይጎዳል ለሚል፣ ጆሴፍ ሲሞንስ፣ ሊፍ ኔልሰንና ዩሪ ሲሞንሶን በ2011 ያሳተሙት ጽሑፍ ግልጽ መልስ አለው። እውነተኛ ተሳታፊዎችን ይዘው፣ በዘመኑ የተለመዱ የትንተና ምርጫዎችን ብቻ ተጠቅመው፣ አንድ የቢትልስ ዘፈን ያዳመጡ ሰዎች ሌላ ዘፈን ካዳመጡት ይልቅ በዕድሜ ወደ ዓመት ተኩል ያህል አነሱ የሚል «ጉልህ» ውጤት አወጡ። ዘፈን የልደት ቀንን እንደማይለውጥ የታወቀ ነው፤ ሊያሳዩ የፈለጉትም እንዲህ ያሉት ምርጫዎች የማይሆን ነገርን እንኳ «ጉልህ» ሊያስመስሉ እንደሚችሉ ነበር። ሁለት መለኪያ ይዞ የተሻለውን መዘገብ፣ ውጤቱ ካላማረ ጥቂት ተሳታፊ መጨመር፣ ጾታን በትንተናው ማስገባት ወይም መተው፣ ከሦስት ቡድኖች አንዱን መጣል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥፋት አይመስልም። አራቱ ሲደመሩ ግን 5 ከመቶ መሆን የነበረበት የስህተት ዕድል ወደ 61 ከመቶ ያድጋል። አጥኚው ማንንም ለማታለል አስቦ ላይሆን ይችላል። ውጤቱን ካየ በኋላ የሚመርጠው ሁሉ ከመጀመሪያውም ያሰበው ይመስለዋል፤ አስቀድሞ የጻፈው ነገር ከሌለ ደግሞ ራሱንም የሚያርምበት መንገድ የለውም።

መጻፉም ብቻውን እንደማይበቃ ጥናት 329 ተብሎ የሚታወቀው ሙከራ ያሳያል። ስሚዝክላይን ቢቻም የተባለው ኩባንያ ፓሮክሰቲን የተሰኘውን የድብርት መድኃኒት 275 በሚሆኑ ወጣቶች ላይ አስሞከረ። ትልሙ ሁለት ዋናና ስድስት ተጨማሪ የውጤት መለኪያዎችን ለይቶ ያስቀመጠ ነበር። በእነዚህ በስምንቱ ፓሮክሰቲን ከፕላሴቦ (መድኃኒትነት ከሌለው ማስመሰያ) በጉልህ አልበለጠም። በ2001 የታተመው ጽሑፍ ግን በትልሙ ያልነበሩ መለኪያዎችን አስገብቶ መድኃኒቱ ለወጣቶች ውጤታማ ነው አለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ዋናውን መረጃ አግኝተው በመጀመሪያው ትልም መሠረት እንደገና ተንትነው በ2015 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ሲያሳትሙት፣ መድኃኒቱ እንዳልጠቀመና ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራን ጨምሮ ጉዳቱ እንደበዛ ታየ። በመካከሉ 14 ዓመት አልፏል፤ መድኃኒቱ የታዘዘላቸው ልጆችም ነበሩ። ትልሙ ከመጀመሪያው ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ቢሆን ኖሮ የ2001ን ጽሑፍ የሚገመግም ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን ማየት ይችል ነበር።

አሁን ከኛ የትምህርት ጥናቶች ጋር የሚቀራረብ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የማስተርስ ተማሪ የጥናቱን ዓላማ «ጥንድ ንባብ የተማሪዎችን የንባብ ችሎታ በማሻሻል ረገድ ያለውን ሚና መፈተሽ» ብሎ ጻፈ እንበል። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው አልጎደለውም፤ ግን ማንኛውም ውጤት ይስማማዋል። የንባብ ችሎታ በደቂቃ በሚነበቡ ቃላት፣ በአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች፣ በፊደል ልየታ፣ በቃል ጽሕፈት ወይም በመምህሩ በተሰጠ ውጤት ሊለካ ይችላል። አምስቱ መለኪያዎች እርስ በርስ ባይያያዙ፣ ጥንድ ንባብ ፈጽሞ ባይጠቅም እንኳ፣ ቢያንስ በአንዱ በአጋጣሚ ጉልህ ልዩነት የመታየቱ ዕድል 23 ከመቶ ገደማ ነው። በአንድ ልጅ ላይ የሚለኩ ችሎታዎች ስለሚያያዙ ቁጥሩ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም ከተለመደው የ5 ከመቶ ገደብ ይበልጣል። «ሚና መፈተሽ» የሚለው ሐረግ በትልሞቻችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ስለሚከፍት አማካሪዎች ባያሳልፉት ይመረጣል።

ያው ተማሪ ለምዝገባ ቢያዘጋጀው ምን ይመስላል? «ለ12 ሳምንታት ጥንድ ንባብ የሚለማመዱ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች በደቂቃ በትክክል የሚያነቧቸው ቃላት ብዛት በመደበኛው መንገድ ከሚማሩት ይበልጣል» ይላል። ዋናው መለኪያ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ አንብቦ መረዳትም ቢለካ ተጨማሪ ተብሎ ይለያል። የሚያስነብበው ሰው ልጁ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ አያውቅም። ከልምምዱ ሲሶውን የቀረ ልጅ በትንተናው ይካተት ወይስ ይውጣ የሚለው አሁኑኑ ይወሰናል፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ ቢወሰን ደካሞቹን ልጆች ብቻ መርጦ ማስወጣት ይመጣልና። ናሙናውም ምክንያት ይቀርብለታል። ተማሪው የሚጠብቀው ልዩነት የመደበኛ ልይይቱን ግማሽ የሚያህል ከሆነ፣ ልዩነቱ በእውነት ካለ በ80 ከመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 64 ልጆች ያስፈልጉታል። «ለጊዜና ለወጪ አመቺ በመሆኑ» በሚል ምክንያት 30፣ 30 ልጅ ቢወስድ ዕድሉ ወደ 48 ከመቶ ይወርዳል። ይህ ማለት ጥንድ ንባብ ቢጠቅምም ጥናቱ «አልጠቀመም» ብሎ የመደምደም አደጋው ከግማሽ በላይ ነው። ድልድሉ በተማሪ ሳይሆን በክፍል ከሆነ ደግሞ 64ም አይበቃም፤ በአንድ መምህር ሥር ያሉ ልጆች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ መጨመር አለበት። ይህን ስሌት የሠራ ተማሪ አንዳንዴ ጥናቱ በያዘው ጊዜና ገንዘብ እንደማይሠራ ይደርስበታል። ይህን መስክ ከመውጣቱ በፊት ማወቁ ዓመት ሙሉ ከመድከም ያተርፈዋል።

ክለሳ ድርሳኑም በዚህ ዓይን ሲታይ ሥራው ይጠራል። «በዚህ ከተማ ላይ ከዚህ ቀደም ጥናት አልተካሄደም» የሚለው የተለመደ ማስረጃ ብቻውን የጥናት ክፍተት አይሆንም። ከተማው በምን ስለሚለይ ውጤቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል፣ ቀደምት ጥናቶችም ምን ያህል ልዩነት እንዳገኙ ካልተነገረ መላምቱም ናሙናውም መሠረት አይኖራቸውም።

በዚህ አሠራር ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ክብደት ያለው ከዓይነታዊ ምርምር የሚመጣው ነው። የቃል ግጥም የሚሰበስብ ወይም የአንድን ማኅበረሰብ የእርቅ ሥርዓት የሚያጠና ሰው ጥያቄውን የሚያገኘው እዚያው ሰዎቹ መካከል ተቀምጦ ስለሆነ አስቀድሞ ማሰር ጥናቱን መግደል ነው ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ እንዲህ ያለው ጥናት መላምት ይመዝገብ ቢባል አስመሳይ መላምት ነው የሚወጣው። ሆኖም መመዝገብ ያለበት መላምት ብቻ አይደለም። አጥኚው ማንን ለማነጋገር እንዳሰበ፣ ከመሄዱ በፊት ስለ ጉዳዩ ምን ያምን እንደነበርና ምን ቢያገኝ ሐሳቡን እንደሚለውጥ ጽፎ ማስቀመጥ ይችላል። ታማሪንዴ ሄቨንና ሊዮኒ ፋን ግሮተል በ2019 ዓይነታዊ ጥናቶች በዚህ መልክ ሊመዘገቡ እንደሚችሉ አስረድተዋል። ጥያቄው በመስክ ላይ ሲለወጥ መዝገቡ ላይ በቀኑ ይጨመራል፤ አንባቢም ሐሳቡ እንዴት እንደተጓዘ ይከታተላል። በቁጥራዊ ጥናትም ቢሆን ያልታሰበ ግኝትን መከታተል አይከለከልም። የሚከለከለው ያልታሰበውን እንደታሰበ አድርጎ መጻፍ ነው።

ሐሳቤ ይሰረቃል የሚለው ስጋት በቀላሉ ይመለሳል። ሴንተር ፎር ኦፕን ሳይንስ የተባለው፣ በ2013 በቨርጂኒያ የተቋቋመው ድርጅት የሚያስተዳድረው ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ ምዝገባውን በነፃ ይቀበላል፤ አጥኚው ከፈለገም እስከ አራት ዓመት ከሕዝብ ዕይታ ሰውሮ ሊያቆይለት ይችላል። ቀኑ የታተመበት መዝገብ እንዲያውም የሐሳቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ለማስረዳት ያገለግላል። ለሕክምና ሙከራዎች የዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ያለው፣ መቀመጫው ኬፕታውን የሆነ የመላው አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ አለ። በዚህ ዘርፍ ምዝገባው ምርጫ መሆኑ ከቀረም ቆይቷል፤ ታላላቆቹ የሕክምና መጽሔቶች ከ2005 ጀምሮ ያልተመዘገበ ሙከራ አናትምም ብለዋል።

ተመዝግቦም ቃሉን የሚያፈርስ አለ የሚለው ግን እውነት ነው። ቤን ጎልዳከርና ባልደረቦቹ በአምስት ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች የታተሙ 67 ሙከራዎችን ከትልሞቻቸው ጋር ሲያመሳክሩ በትክክል የዘገቡት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ 354 ቃል የተገባባቸው ውጤቶች ሳይዘገቡ ቀርተዋል፣ 357 አዳዲስ ውጤቶች ደግሞ ያለ ማብራሪያ ገብተዋል። ስለዚህ መዝገቡን ከፍቶ የሚያነብ ገምጋሚ የግድ ነው። ይሁንና ይህን ቁጥር መቁጠር የተቻለው ትልሞቹ አስቀድመው ስለተቀመጡ ነው።

የተማሪው ትልቁ ፍርሃት «መላምቴ ባይደገፍ ማን ያሳልፈኛል?» የሚለው ነው፤ ፍርሃቱም ከሜዳ አልመጣም። በ2013 ኮርቴክስ የተባለው መጽሔት በክሪስ ቻምበርስ አነሳሽነት የጀመረው አሠራር ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ገምጋሚዎች ትልሙን መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ይመዝናሉ፤ ጥያቄውና ዘዴው ካሳመናቸው ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለማተም ቃል ይገባሉ። አን ሼልና ባልደረቦቿ በ2021 በሥነ ልቦና ዘርፍ ሲያነጻጽሩ፣ በተለመደው መንገድ ከታተሙት 96 ከመቶው የመጀመሪያ መላምታቸው እንደተደገፈ ዘግበዋል፤ በዚህ አሠራር ከታተሙት ግን 44 ከመቶው ብቻ። የድኅረ ምረቃ ክፍለ ትምህርት ይህን ለመከተል አዲስ መመሪያም አዲስ በጀትም አያስፈልገውም። ትልመ ጥናት ቀድሞውንም በገምጋሚዎች ፊት ይቀርባል፣ ሰው የሚሳተፍበት ከሆነም ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይላካል። የሚቀረው የጸደቀው ሰነድ በዚያው ቀን እንዲመዘገብና የመጨረሻው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገመገም ገምጋሚው ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያነብ ማድረግ ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወይም ፀጥታው ተናግቶ ናሙናው የተለወጠበት ተማሪ የተለወጠውን፣ ምክንያቱንና ቀኑን በመዝገቡ ላይ ይጨምራል፤ ውጤቱን ሳያይ እስከጨመረው ድረስ ለውጡ ጥፋት ተብሎ አይቆጠርበትም።