የሚቀንሰው ኮባልትና መዝገቡ

ወዳጆቼ፣ በእኛ ተበላ ዙሪያ፣ ወደ አባያ በሚወርደው ቆላ፣ ገንዲ ምን እንደሆነ የሚያውቀው በሬው የሞተበት ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቆላ ዝንብ ለማጥፋት የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀመረ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ቃሊቲ ባለው ማዕከል ወንዱ ዝንብ በኮባልት-60 ጨረር መካን ተደርጎ ይለቀቃል፤ ከሴቷ ጋር ቢገናኝም ዘር አይተካም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዝንቡ ይልቅ መዝገቡ ነው። ኮባልት ተቆልፎበትም ይቀንሳል፤ በ5.27 ዓመት ግማሽ ይሆናል። የዛሬ አምስት ዓመት የተጻፈው ቁጥር ዛሬ ውሸት ነው፤ ዝንቡም ጨረሩ ሥር እጥፍ ጊዜ ያህል መቆየት አለበት። ሒሳቡ ከተዛባ ያልመከነ ወንድ ይለቀቃል፣ ዕዳው የገበሬው። የጨረር ምንጮችን ይቆጣጠር የነበረው ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79 የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፣ ከፕሮጀክቱ ቀድሞ። ደግ አደረጉ!

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ቆጠራው አስቸግሯቸዋል። በዚያው በ1997፣ እንግሊዝ አገር ጄት በተባለው የፊውዥን ማሽን ውስጥ ትሪቲየም የሚባል ጨረራማ ጋዝ በነዳጅነት ገባ፤ 35 ግራም። ሲሶው ያህል ማሽኑ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ፤ በኋላ ሲያጸዱ ከፊሉን አገኙት። የቃሊቲው ኮባልት ቢያንስ ብረት ነው፤ ሰው ካልነካው ካስቀመጡት ቦታ አይሄድም።