ቢትኮይን ለሁሉም እኩል ነበር? የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ሒሳብ

“ባንክ የለም፣ አለቃ የለም፣ ሁሉም እኩል ነው።” ስለ ክሪፕቶከረንሲ ሲወራ ይህችን አባባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ሕጉ ለሁሉም አንድ መሆኑስ እውነት ነው። ግን አንድ ዓይነት ሕግ እኩል ድርሻ ያመጣል? እስቲ በቢትኮይን ታሪክ እናስላው።

ቢትኮይን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ብቻ የሚታወቀው ፈጣሪው የሳንቲሞቹን ጠቅላላ ብዛት በ21 ሚሊዮን ገደበው። አወጣጣቸውም በፕሮግራም ተወሰነ። በየ10 ደቂቃው ገደማ አንድ ብሎክ ይዘጋል፤ ብሎክን እንደ መዝገብ ገጽ ቁጠሩት። ገጹን ቀድሞ የዘጋ ኮምፒውተር መጀመሪያ ላይ 50 አዲስ ቢትኮይን ይሸለም ነበር። ሽልማቱ በየ210,000 ብሎኩ በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን አባዙት፦ 210,000 በ50 ሲባዛ 10.5 ሚሊዮን። የጠቅላላው ግማሽ ማለት እኮ ነው! ይህ ግማሽ ወጥቶ ያለቀው በኖቬምበር 2012 ነው፤ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ የቢትኮይንን ስም እንኳ ባልሰማበት ጊዜ።

ያኔ ሳንቲሙ ምን ያህል ርካሽ ነበር? በሜይ 2010 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ፕሮግራመር ሁለት ፒዛ በ10,000 ቢትኮይን ገዛ። ይህ የ200 ብሎክ ሽልማት ነው፤ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ የሚወጣ። ከ2024 ወዲህ ግን ሽልማቱ 3.125 ስለደረሰ፣ ያንኑ ያህል ለማውጣት 22 ቀን ያስፈልጋል።

መሣሪያውም ተቀይሯል። መጀመሪያ ላይ የቤት ኮምፒውተር ይበቃ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ ማሽኖች ገበያ ሲገቡ ተራው ላፕቶፕ ከውድድሩ ወጣ። ዛሬ አሸናፊው ብዙ ማሽንና ርካሽ መብራት ያለው ነው። የውጭ ኩባንያዎች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ከውኃ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ የሚገዙትም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ይህ ለሀብት ክፍፍል ምን ማለት ነው? ከ21 ሚሊዮኑ ከ19 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ዛሬ የሚገባ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ቀድሞ ከያዘ ሰው ነው። ዋጋው ሲጨምርም ይበልጥ የሚያተርፈው ብዙ የያዘው ነው።

በእርግጥ የባንክ ደብተር የሌለው ሰው በስልኩ ብቻ ከሌላ አገር ገንዘብ መቀበል ይችላል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በር መክፈትና ድርሻ ማካፈል ለየቅል ናቸው።

ነገ “አዲስ ሳንቲም ወጣ፣ ቶሎ ግቡ” ሲሏችሁ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ እኔ ከመምጣቴ በፊት ስንቱ ወጣ? ማን እጅስ ገባ?