ምግብና መድኃኒት፦ ተልባ፣ ኮሶና የስኳር ሕመም በታሪክ ዓይን



በገበያም ሆነ በማኅበር ላይ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል ይዤ ቀርቤአለሁ፦ «ተልባ ስኳርን ያድናል፤ አባቶቻችንም ያውቁት ነበር።» አባባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያውን የሚመረምሩት ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ሊቃውንት ናቸው። ሁለተኛው ግን ስለ ቀደሙት ሰዎች የሚናገር በመሆኑ የታሪክ መምህራንን ይመለከታል። በአባቶች ስም የተነገረ ነገር በእኛ ዘንድ ክብደት አለው። በዚህ ክብደት ተማምኖ መርፌውን የሚያስቀምጥ ሕመምተኛ ካለ፣ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ተልባ በምድራችን የቆየ እህል ስለመሆኑ ክርክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው የሶቪየት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ ደጋማ አገራችንን ከዓለም የአዝርዕት መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ ሲቆጥር፣ ትኩረቱን ከሳቡት ዕፅዋት መካከል ተልባ አንዱ ነበር። በጥንታዊት ግብፅ ተልባ በዋናነት የሚፈለገው ለግንዱ ቃጫ ነበር፤ ከእርሱም በፍታ ይሠራ ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 9 በረዶ ከገብሱ ጋር ተልባውን መምታቱ እንደ ትልቅ ጥፋት የተነገረውም ተልባ ለግብፃውያን ትልቅ ሀብት ስለነበር ነው። በእኛ አገር ልብስ የሚሠራው ከጥጥ ስለሆነ፣ ተልባ የተዘራው ለፍሬው ማለትም ለምግብ ነው።

በደገኛው ቤት ውስጥ እያንዳንዱ የቅባት እህል የየራሱ ሥራ ነበረው። በጎመን ዘር ምጣድ ይታሰሳል፤ ኑግ ዘይት ይወጣዋል፤ ከሱፍ ፍትፍት ይሠራል። ተልባም ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ በውሃ ይበጠበጣል፤ ጨውና ቃሪያ ታክሎበት በእንጀራ ይፈተፈታል። ሥጋ፣ ቅቤና ወተት በማይቀርቡባቸው ረጃጅም የጾም ወራት እነዚህ ፍሬዎች የቤተሰቡ ስብ ነበሩ። ሆድ ሲደርቅ ወይም ጨጓራ ሲያቃጥል ተልባ ይጠጣ እንደነበርም ሁላችንም እናውቃለን። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለው ተረትም የተወለደው ከዚሁ የማድ ቤት ሥራ ነው።

ታዲያ አባቶቻችን ምግብንና መድኃኒትን ይለዩ ነበር ወይ? የቆሰበርን ስም ብዙዎች ከኮሶ ዛፍ ጋር ስለሚያያይዙት፣ መልሱን ከኮሶ ልጀምር። ኮሶ መድኃኒት ነበር። ለአንድ የታወቀ ሕመም ማለትም ለትል ይሰጣል፤ መጠን አለው፤ የሚጠጣበት ቀን ተለይቶ ይታወቃል። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም። ከልክ ካለፈ እንደሚጎዳ ይታወቅ ስለነበር በጥንቃቄ ይወሰድ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ተቀብለው በመድኃኒት መጻሕፍታቸው አስገብተውታል። ተልባ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረውም፤ ሕፃንም ሽማግሌም ከአንድ መሶብ ይበላው ነበር። ልዩነቱን ያስቀመጡልን ራሳቸው የቀደሙት ሰዎች ናቸው።

የሕመሙ ስምም ራሱን የቻለ የታሪክ ምስክር ነው። «ስኳር» ከውጭ የመጣ ቃል ነው፤ ነገሩም እንደ ቃሉ እንግዳ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ ወንጂ ላይ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የአብዛኛው ገበሬ ጣፋጭ ማር ነበር። ዛሬ በራሳችን ዞን፣ በጃዊ ቆላ፣ የሸንኮራ አገዳ ልማት ደርሷል። ይህን ስል ሕመሙን የሚያመጣው ስኳር መብላት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ የዘር ውርስ፣ የሰውነት ክብደትና የእንቅስቃሴ ማነስም አሉበት። ሕመሙም በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ «ስኳር በሽታ» ብለን በደም ምርመራ የምንለየው ሕመም ወደ ሕዝባችን አንደበት የገባው በቅርብ ዘመን ነው። ስለዚህ በዚህ ስም ላልተጠራ ሕመም ተልባን መድኃኒት አድርገው አዘዙ ማለት፣ ያላሉትን በአፋቸው ማስገባት ይሆናል።

ወደ አባባሉ የመጀመሪያ ክፍል ስንመጣ ግን ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ከ100 ግራም ተልባ ውስጥ 27 ግራም ያህሉ አሰር ወይም ፋይበር ነው። በውሃ ሲበጠበጥ የምናየው ዝልግልግ ነገር የዚሁ አሰር አንዱ ክፍል ሲሆን፣ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትንና ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ሙከራዎች በአንድነት ሲመዘኑ፣ ለወራት ተልባ የተመገቡ ሰዎች የደም ስኳር መጠነኛ ቅናሽ አሳይቷል። ቅናሹ የታየውም በፍሬው እንጂ በዘይቱ አይደለም። ያልተፈጨ ተልባ ብዙውን ጊዜ ሳይፈጭ ከሆድ ስለሚወጣ፣ ሙቀጫው ትክክል ነበር ማለት ነው።

መጠነኛ ቅናሽ ግን የኢንሱሊን ምትክ አይሆንም። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ከመገኘቱ በፊት፣ ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ሕፃናት በማናቸውም አመጋገብ አይድኑም ነበር። ይህ ነገር እኛን በቅርብ ይነካል። በጎንደር አካባቢ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ወፍራም ሀብታሞች ሳይሆኑ ቀጫጭን ድኾች መሆናቸውን አሳይቷል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን ዓይነት ሕመም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ላለው ገበሬ «መርፌውን ተውና ተልባ ጠጣ» ብሎ መምከር፣ በአባቶች ስም ሞት መፍረድ ነው።

እንግዲህ ተልባን ከገበታችን እናውጣ ማለቴ ነውን? አይደለም፤ ወደ ቦታው እንመልሰው ማለቴ ነው። ስኳርና ማር ተጨምሮበት በብርጭቆ የሚቀርበው ተልባ በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ይነሣል። ጨውና ቃሪያ ያለበት የጾሙ ብጥብጥ ይሻላል፤ ጨውም ቢሆን በልክ ይሁን። ብዙ ውሃ ይጠጣበት፤ ከሚዋጥ መድኃኒት ጋር በአንድ ሰዓት አይወሰድ፤ ሐኪሙም ይወቀው።

ቀደምቶቻችን ኮሶን በልኬት ጠጡ፤ ተልባን በመሶብ በሉ። እኛም መርፌውን በሐኪሙ ልኬት፣ ተልባውንም በመሶባችን ብናኖር፣ ከእነርሱ የተማርን እንሆናለን።